የደብረ ዘይት ማግስት ግጥሚያ

(አያ ሞላ፣ እስቴ፣ ወንዙ አፋፍ ካለው ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው የነገሩን። እንደ አነጋገራቸው ተጽፏል።)

በእኛ ዘመን፣ ስማ መምህር፣ መጀመሪያ ስልክህን ወደዚህ አስጠጋው፣ ከዚያ ሆኖ ምን ይሰማል? ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። በእኛ ዘመን ዓሣ ለሆድ ብቻ አይጠመድም ነበር፣ ለእርቅም ይጠመድ ነበር። አትሳቅ። እናንተ ወጣቶቹ ግጥሚያውን እናስነሳለን ብላችሁ፣ ባነር አሠርታችሁ፣ ድሮ ያሸነፉትን ሰዎች ስም በየተራ እንጻፍበት ይንገሩን ብላችሁ መጣችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት ዘመን ማዶና ማዶ ያለ ሰው በጨዋታ ይገናኝ ማለታችሁ ደግ ነው። እኔንም ዳኛ ሁኑልን አላችሁ። እሺ። ግን ያን የስም ዝርዝር ቅድም ስታነብልኝ፣ ከሁሉ በኋላ ማን አልኸኝ?

— እስዎን ነዋ አያ ሞላ። የመጨረሻው አሸናፊ ሞላ ብለን ነው የያዝነው።

እሱን ነው የምልህ። እሱን ስም አትጻፈው። ለምን እንደማትጽፈው እነግርሃለሁ፣ እዚያ ከግንዱ ላይ የተቀመጠችውም ሴት ትስማ። ጥሩወርቅ ትባላለች፣ ከስማዳ ነው የመጣችው፣ ከወገዳ፣ የባየ ልጅ ናት። ባየን አታውቀውም አንተ፣ ስሙን ግን ሰምተኸዋል፣ ወንዙን በመርዝ የገደለው ሰውዬ እየተባለ ነው እዚህ ያለ ልጅ ሁሉ የሚያድገው። ታዲያ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ሰው ስም ነው። ሌላው ሁሉ ወደዚያ መሄጃ ነው።

ወንዙን ታየዋለህ፣ ወዲህ እስቴ ነው፣ ወዲያ ስማዳ። በጋ ሲገባ ውኃው ይቀንስና ኩሬ ኩሬ እየሆነ ይቀራል፣ ዓሣውም በየኩሬው ይከማቻል። ትልቋ ኩሬ ያች ከሾላው ሥር ያለችው ናት። አባቴ በእሷ ሞተ። በዓሣ ሞተ ይላል ሰው፣ በዓሣ አይደለም፣ በትዕቢት ነው። «ኩሬዋ የእኛ ናት» አለ አባቴ፣ «የእኛ ናት» አለ የማዶው ሰው፣ ዱላ ተማዘዙ፣ አባቴ ወደቀ፣ አልተነሣም። እኔ ያን ጊዜ ገና እረኝነት አልጀመርሁም። የመታው ሰው የባየ አጎት ነበር፣ የባየ የአባቱ ወንድም፣ ይህን ያዝልኝ። ከዚያ የእኛ ወገን ደሙን መለሰ፣ የእነሱም ወገን መለሰ፣ እና እኔ ጎፈሬ እስካበቅል ድረስ ከዚህ ወንዝ ሴት ውኃ ስትቀዳ እንኳ ጠመንጃ የያዘ ወንድሟ ከኋላዋ ይቆም ነበር። ውኃ ለመቅዳት፣ ትሰማኛለህ?

ታዲያ በደብራችን አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ የኔታ ነው የምንላቸው፣ ቤተ ልሔም ጋይንት ድጓ ሲማሩ ጎልማሳነታቸውን የፈጁ፣ ቁመታቸው አጭር ቁጣቸው ረጅም። እሳቸው ናቸው ሽማግሌ ሰብስበው፣ መስቀል አስይዘው፣ ሁለቱን ወገን ውኃው ዳር ያቆሙት። ሰው ደግሞ እርቁ ቤተ ክርስቲያን ይሁን አለ። የኔታ ተቆጡ። «በውኃ ተጣልታችሁ በደጀ ሰላም ትታረቃላችሁ? የተጣላችሁበት ቦታ ላይ ታረቁ!» እና እዚሁ ታረቅን፣ ደሙ ደረቀ ተባለ፣ ተማምለን ተሳሳምን። ከዚያ ሰው ሊበተን ሲል የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ። «የት ትሄዳላችሁ? እርቅ እንደ እርሻ ነው፣ በየዓመቱ ካልታረሰ ዳዋ ይውጠዋል። በየዓመቱ የደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ሰኞ፣ እዚህ ትመጣላችሁ። ከወዲህ ስድስት ሰው፣ ከወዲያ ስድስት ሰው፣ መንጠቆ ይጣላል። ትልቁን ዓሣ የያዘ እሱ ያሸንፋል።»

አንዱ ከኋላ፣ የኔታን የማይፈራ አንድ ነበር፣ «የኔታ፣ ጾም እኮ ነው፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ አይበላም» አላቸው።

«ብላ ማን አለህ?» አሉት። «ሆድህን ማን ጠየቀህ? ትይዘዋለህ፣ ታሳየኛለህ፣ መልሰህ ትለቀዋለህ።»

«ታዲያ ምን ጥቅም አለው?»

«ጥቅሙማ አንተ ኩሬውን ሳትጣላበት አንድ ቀን መዋልህ ነው!»

እንዲህ ነው የተጀመረው። እና የኔታ ያሉት ሁሉ ሕግ ሆነ። ከማለዳ ጀምረን በጾም አፋችን ውኃው ዳር እንቀመጣለን፣ እህል የለም ውኃ የለም፣ ወዲያ ማዶ ስማዳዎቹ ወዲህ እኛ፣ እና ከሰዓት በኋላ የቅዳሴው ደወል ሲደወል መንጠቆ ሁሉ ከውኃ ይወጣል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ዝሆን ብትይዝ አይቆጠርልህም። የያዝኸውን ዓሣ ውኃ በተሞላ ገበቴ አድርገህ ታመጣለህ፣ የኔታ በወይራ ዘንጋቸው ይለኩታል፣ ዘንጉ ላይ በየጣቱ ምልክት አለበት። አምባዛ አይቆጠርም፣ ቅርፊት የለውምና ኦሪት ከልክላዋለች። አንድ ጊዜ አንድ የእኛ ሰው ክንድ የሚያህል አምባዛ ተሸክሞ ቢመጣ የኔታ ምን አሉት መሰለህ፣ «ይህን ሰይጣን ይለካልህ፣ እኔ አልለካም።» ዓሣው የሞተ እንደሆነም አይቆጠርም። በሕይወት መጥቶ በሕይወት መሄድ አለበት፣ ሲለቀቅ በጅራቱ ውኃውን መትቶ ካልሄደ አሸናፊ የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርብራ ክልክል ነው። ብርብራን ታውቀዋለህ? ያ ፍሬው እንደ ባቄላ የሚሰነጠቀው ዛፍ። ፍሬውን አድርቀው ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ይሰክራል፣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ በእጅ መልቀም ነው። ድሮ አባቶቻችን ያን ያደርጉ ነበር። ግን ትልቁ ብቻ አይደለም የሚሰክረው፣ ገና የተፈለፈለው ፍልፍሉም ይሞታል፣ ከታች ያለው ኩሬም ይሞታል። የኔታ በእርቁ ቀን «ብርብራ በዚህ ውኃ የጣለ ውጉዝ ይሁን» ብለው ገዝተዋል። ሁላችንም አሜን ብለናል። እኔም አሜን ብያለሁ፣ ጮክ ብዬ።

ሽልማቱ ጋቢ ነበር። አንድ ጋቢ። ድሩን የእስቴ ሴቶች ፈተሉት፣ ማጉን የስማዳ ሴቶች ፈተሉት፣ በሁለቱም ወገን ክር ተሠራ። ያሸነፈ ሰው ዓመቱን ይለብሰዋል፣ በዓመቱ አጥቦ ያመጣና ለአዲሱ አሸናፊ በገዛ እጁ ያለብሰዋል። ሌላ ሽልማት የለም። ግን ልንገርህ፣ ያን ጋቢ ለብሶ ገበያ የወጣ ሰው ወዲህም ወዲያም ማዶ ሰው ተነሥቶ ያሳልፈው ነበር።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋቢው ወዲህ ወዲያ ይል ነበር፣ አንድ ዓመት እስቴ፣ አንድ ዓመት ስማዳ፣ ስማቸውን ነግሬሃለሁ ጽፈኸዋል። ኋላ ግን ባየ መጣ።

ባየን ምን ብዬ ልንገርህ። ልጁ እዚህ ተቀምጣለችና ላሞካሽ አይደለም። ዝምተኛ ነው። ከኩሬው ዳር ሲቀመጥ ጥላውን እንኳ ውኃው ላይ አይጥልም ነበር፣ ፀሐይዋ ስትዞር እሱም ይዞራል። የመንጠቆውን ሊጥ ከገብስ ነው የሚያቦካው፣ ጾም ነውና አይቀምሰውም፣ ያሸተዋል ብቻ። እኛ እናወራለን እንሳሳቃለን፣ እሱ ዝም ነው። እና ሦስት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት የእኔ መንጠቆ ድንጋይ ይዞ ተሰበረ፣ ወዲያ ማዶ ሆኖ አየኝና ውኃውን ተሻግሮ መጣ፣ የራሱን ትርፍ መንጠቆ ሰጠኝ። «በእጅህ ላይ ይኑር፣ አትመልሰው» አለኝ። የደመኛዬ ወገን እኮ ነው። እኔም እግዜር ይስጥህ አልሁት፣ ከልቤ ነው ያልሁት ያን ጊዜ።

ቤት ስገባ ግን እናቴ አለች። እናቴ ነፍሷን ይማረው፣ ባሏን ገና በልጅነቷ የቀበረች ሴት ናት፣ አልፈርድባትም። ከምድጃው ጎን ተቀምጣ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች።

«ዘንድሮስ ማን ለበሰው?»

«ባየ እማዬ።»

«አባትህን የመታው ሰውዬ የወንድሙ ልጅ?»

«ታርቀናል እኮ እማዬ።»

«ታርቀናል። እኔም አሜን ብያለሁ። አንተ ግን የዚያን ሰው ወገን በዓሣ እንኳ አታሸንፈውም? አባትህ በሞተበት ኩሬ ሦስት ዓመት ጋቢ ለብሶ ሲሄድ ቆመህ ታየዋለህ?»

ይህ ነገር ሆዴ ገባ። ዓመቱን ሙሉ እርሻ ላይ እሱን አስባለሁ፣ አውድማ ላይ እሱን አስባለሁ። እና በአራተኛው ዓመት የደብረ ዘይት እለት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ አሞኛል ብዬ ቀረሁና ብርብራውን ወቀጥሁ።

አዎ መምህር። እኔ ነኝ። አፍህን አትክፈት፣ ስልኩ ይቅዳ።

ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ አንቺም አትነሺ፣ ልጨርሰው። ከጀመርሁ ልጨርሰው።

ጥቂት ነው አልሁ ለራሴ። አንድ እፍኝ። ዓሣው ይሰክራል እንጂ አይሞትም አልሁ። ሰኞ ማለዳ፣ ሌላው ሰው ሳይወርድ፣ ከትልቋ ኩሬ በላይ ወዳለችው ትንሽ ኩሬ ወረድሁ፣ ቁጥቋጦ ይከልላታል፣ ማንም አያይም ብዬ፣ እና በተንሁት። ጸሎት እንኳ ሳልጨርስ አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ወርቅማ፣ ሆዱን ገልብጦ መጣ። በእጄ ያዝሁት። ከኩሬዋ አውጥቼ ከበላይ ካለው ወራጅ ንጹሕ ውኃ በገበቴ ቀዳሁለት፣ እያስተነፈስሁ ቆየሁ፣ ዘግይቶ ነፍስ ዘራ። ከዚያ መንጠቆ ከንፈሩ ውስጥ በገዛ እጄ ሰካሁበት፣ የተያዘ እንዲመስል። የባየን መንጠቆ። ሌላ መንጠቆ አልነበረኝም።

እስከ ደወሉ ድረስ ገበቴውን ከቅጠል ሥር ደብቄ፣ ባዶ ሲባጎ ውኃ ላይ ጥዬ ተቀመጥሁ። ደወሉ ሲቃረብ «ያዘልኝ» ብዬ ጮህሁ። ሰው ተሯሯጠ። የኔታ ለኩት። የባየ ዓሣ ነበር እስከዚያ ትልቁ፣ የእኔ በሁለት ጣት በለጠው። ሁለት ጣት። ከዚያ ለቀቁት፣ ዓሣው በጅራቱ ውኃውን መታና ሄደ። የእኛ ወገን እልል አለ፣ እናቴም ከአፋፉ ላይ እልል ስትል ድምፅዋን ለየሁት።

ባየ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። አጥቦታል፣ ንጣቱ ዓይን ይወጋ ነበር። ወደ እኔ መጣና አለበሰኝ፣ ጫፉን እያስተካከለ በዝቅታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ፣ «ከባድ ነው ሞላ፣ ትችለዋለህ?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። የተሸነፈ ሰው ምቀኝነት መሰለኝ። «እችለዋለሁ» አልሁት።

ማግሰኞ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ትልቋ ኩሬ ነጭ ሆናለች። ከዳር እስከ ዳር ሆዱን የገለበጠ ዓሣ። ፍልፍሉ፣ እናቱ፣ ሁሉም። ያ አንድ እፍኝ ያልሁት በሌሊት ወራጁ ወደ ታች አውርዶት ነው። የብርብራውም ገለፈት አብሮ ወርዶ፣ የት ሄዶ ቢጠጋ ጥሩ ነው? ባየ ሲቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ሥር። እኔ ወስጄ አላስቀመጥሁትም፣ በልጆቼ እምልልሃለሁ፣ ውኃው ነው የወሰደው። ግን ሳየው ዝም አልሁ። ያን ዝምታ ማንም ውኃ አላመጣውም።

ታዲያ አውጫጭ ተጠራ። እናንተ አውጫጭን አታውቁትም፣ ፖሊስ ሳይኖር የእኛ ፖሊስ እሱ ነበር። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የሁለቱም ማዶ ሰው፣ አባወራ ሁሉ፣ ሾላው ሥር ይሰበሰባል፣ ተራ በተራ ተነሥቶ መስቀሉን ይመታና ይምላል። በእኛ አገር መሐላው ሦስት ነው፦ «እጄ የለበትም። ዓይኔ አላየም። ጆሮዬ አልሰማም።» ሦስቱን የማለ ይቀመጣል። ያየ ሰው ካለ ያወጣል። እስኪወጣ ድረስ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን ሰው ወደ እርሻው አይሄድም። አንድ ሽማግሌ ሲከፍቱ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፣ ዘንዶው ሰው ከመብላቱ በፊት ይውጣ» አሉ።

ተነሣሁ። ጋቢውን እንደለበስሁ። መስቀሉን መታሁ። «እጄ የለበትም። ዓይኔ አላየም። ጆሮዬ አልሰማም።» ምላሴ አልተያዘም። ይያዛል ብዬ ነበር፣ አልተያዘም። ተቀመጥሁ።

የባየ ተራ ደረሰ። ተነሣ፣ መስቀሉን መታ፣ «እጄ የለበትም» አለ። ሰው ሌላውን ይጠብቃል።

የኔታ «ቀጥል» አሉት።

«እጄ የለበትም የኔታ።»

«ሁለቱስ? አላየሁም አልሰማሁም በላ።»

«ከዚህ ሌላ አልናገርም» አለ።

ለመኑት። ገዘቱት። በሁለተኛው ቀን አስነሡት፣ በሦስተኛው ቀን አስነሡት። «እጄ የለበትም፣ ከዚህ ሌላ አልናገርም።» ያኔ የገዛ ወገኑ፣ ስማዳዎቹ ራሳቸው አዘኑበት። ንጹሕ ሰው ሦስቱን ለምን አይምልም? ገለፈቱስ ከድንጋዩ ሥር ምን ያደርጋል? አፍ አውጥቶ የተናዘዘ ያህል ነው አሉ፣ መሐላ የጎደለው ሰው በእኛ አገር ያመነ ነው። እኔም በዚያ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ምኑ ሞኝ ነው ይህ ሰው፣ አልሁ። ንጹሕ ነው፣ እኔ አውቃለሁ ንጹሕ መሆኑን፣ ለምንድን ነው የማይምለው? እስከ ዛሬ ይህን አልፈታሁትም። ሦስቱን ቢምል ኖሮ በነጻ ይሄድ ነበር።

ተፈረደበት። ከውኃው ይራቅ፣ ከማኅበር ይውጣ፣ እሳት የሚያጭረው አይኑር ተባለ። በከተማ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል፣ እሳት ቢከለከል ክብሪት ይገዛ ትለኛለህ። ክብሪቱ አይደለም። ልጅህ ከጎረቤት ቤት ፍም ልትለምን ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ ነው። አንድ ክረምት ቻለው። በመስከረም ዕቃውን አህያ ላይ ጭኖ ወደ መተማ ቆላ ወረደ፣ ለሰሊጥ አረም። በእኛ በኩል ነው ያለፈው፣ ሚስቱ ከኋላ፣ ይቺ ጥሩወርቅ ደግሞ ከጭነቱ ላይ ተቀምጣ፣ ትንሽ ነበረች። እኔ እደጃፌ ቆሜ ነበር።

«ደህና ሁን ሞላ» አለኝ።

አልመለስሁለትም። እሳት የተከለከለ ሰው ሰላምታ አይመለስለትም። ሕግ አክባሪ ሆንሁ፣ አየኸኝ?

ግጥሚያውም በዓመቱ ቀረ። ኩሬዋ ባዶ ናት፣ ምን ይጠመዳል? ኋላ ዓሣው ከታች ከትልቁ ወንዝ በክረምት ሙላት እየወጣ ተመለሰ፣ ሰውም ለየኔታ ግጥሚያው ይነሣ አላቸው። የኔታ አይሆንም አሉ። «የሠራው ሰው አፉን እስኪከፍት ገበቴው ተደፍቶ ይቀመጥ።» «ባየ ነው እኮ፣ ታውቋል» ሲሏቸው፣ «እኔ የሰማሁት እጄ የለበትም ሲል ነው» አሉ። ገበቴው ተደፍቶ እሳቸውም ዐረፉ።

ጋቢውን አልለበስሁትም ከዚያ ወዲህ። ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ስትሞት ሴቶቹ በዚያ ነጭ ጋቢ እንገንዛት አሉ፣ አይሆንም አልሁ፣ ስስታም አሉኝ። ስስት አይደለም። በእሱ ተጠቅልላ ከፈጣሪ ፊት እንድትቆም አልፈለግሁም። አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ምክንያቱን ሳታውቅ ሞተች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፣ በእኔ ግን ውሸት ነው፣ የወጋሁት እኔ ነኝ አንድ ቀን ያልረሳሁት። በእሷ ተዝካር ሰሞን ለነፍስ አባቴ ነገርሁ። ቄሱ ወጣት ናቸው፣ የልጅ ልጄን ያህላሉ፣ «አያ ሞላ፣ ስግደትና ጾም ልሰጥዎ እችላለሁ። የሰውዬው ስም ግን በሰው ፊት ነው የጠፋው፣ በሰው ፊት ካልተመለሰ የእኔ መስቀል አያነሣልዎትም» አሉኝ። ከዚያም እንኳ ሁለት ዓመት ፈራሁ። የተከበርሁ ሽማግሌ ነኛ፣ ሰው ሲጣላ እኔን ነው የሚጠራው፣ እኔ ነኝ እውነት አውጣ እያልሁ የሰው ልጅ የማስምለው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት እናንተ መጣችሁ። እሷም መጣች። የባየ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ያሸነፈባቸውን ዓመታት ላስመዘግብ ነው፣ ስሙን አትጽፉልኝም ይሆናል ግን ልጠይቅ አለች አሉ። ይህን ስሰማ ሌሊቱን አልተኛሁም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ጻፍ። የመጨረሻው ዓመት አሸናፊም ባየ ነው ብለህ ጻፍ። ወንዙን የገደለው ሞላ ነው ብለህ ጻፍ፣ በዚያው ባነር ላይ፣ በዚያው በትልልቁ ፊደል። ዳኝነቱን ሌላ ሰው ፈልጉለት። ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ይህ ጋቢ ነው። ከሳጥን ያወጣሁት ዛሬ ጥዋት ነው። የአባትሽ ነው፣ ውሰጂው። ይቅርታ አልልሽም፣ ይቅርታ የምትይኝ አንቺ ነሽ፣ የማትይኝም አንቺ ነሽ። እኔ ጨርሻለሁ።

(ጋቢው በአያ ሞላ ጉልበት ላይ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተናገረችው ይህ ነው።)

— አያ ሞላ፣ አባቴ ለምን እንዳልማለ አልፈታሁትም አሉ። እኔ አውቀዋለሁ። መተማ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። የዚያን ቀን ማለዳ ሊጥ የሚያለሰልስበት ውኃ ፍለጋ ወደ ላይኛዋ ኩሬ ወጥቶ ነበር። ሰውየው ብርብራውን ሲበትን በዓይኑ አይቷል። ታዲያ አላየሁም ብዬ መስቀል እንዴት ልምታ አለኝ። አይቻለሁ እንዳልል ደግሞ፣ ስሙን ብጠራ በማግስቱ ደም ነው፣ የእነሱ ሰው የእኛን ከሰሰ ተብሎ፣ ያ ሁሉ እርቅ በእኔ አፍ ይፈርሳል አለኝ። እጄ የለበትም ማለት ብቻ ነበር የሚችለው። እሷን አለ።

ማን ነው ሰውየው ብዬ ጠየቅሁት። አልነገረኝም። እስከ መጨረሻው አልነገረኝም። «በሕይወት ካለ ራሱ ይነግርሻል፣ ካልነገረሽ አንቺም አትጠይቂ» ነው ያለኝ። እኔ ወገዳ ተመልሼ መጥቼ መኖር ከጀመርሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ በዚህ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ሽማግሌ ሁሉ አያለሁ፣ ይህ ይሆን፣ ያ ይሆን እያልሁ። እስዎን ግን አላሰብሁዎትም። ሰላም ሳልልዎት አልፌ አላውቅም።

ይቅርታውን ዛሬ አልችልም። አልዋሽዎትም። እናቴ ቆላ ወባ ገድሏት ነው የቀረችው፣ እሱን ዛሬ አልችልም፣ እግዚአብሔር ካስቻለኝ እነግርዎታለሁ።

ጋቢውን ግን አልወስደውም። የቤት ዕቃ አይደለም፣ የግጥሚያው ነው፣ ድሩ የእናንተ ማጉ የእኛ ነው ብለው የለም? ዳኝነቱንም አይተዉት። የደብረ ዘይት ማግስት ይልበሱትና ይውረዱ፣ ማዶም ማዶም ያለ ሰው ሁሉ እያየዎ። ይህ የማን ጋቢ ነው ላለዎ ሁሉ፣ የባየ ነው ይበሉ፣ እንዴት እጅዎ እንደገባም ይንገሩት፣ ልጅም ቢሆን የጠየቀዎ። ደወሉ ሲደወል ደግሞ ላሸነፈው ያልብሱት፣ ሲያለብሱትም አባቴ እስዎን ሲያለብስ በጆሮዎ ያለዎትን ይበሉት።